መልስ፦ ታምሜ ዝም ብዬ ቤት ልግባ ወይ?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ሆነሽ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሳይደርስ ታመሽ "መሃል ሜዳ እናቴ ጋ ልግባ ወይ?" ነው ያልሽው። ዝም ብለሽማ እንዳትሄጂ! መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት ያዢ፣ ከዚያ ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ) ፎርም ሙዪ፤ ዶርም፣ ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ሁሉም ጋ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳይ ወረቀት) አስፈርመሽ ኮፒውን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። እኔ ሌላ ግቢ ስማር የዶርም ጓደኛዬ ወባ ይዞት ሳይፈርም ሸዋ ሮቢት ገባ። ሲመለስ ኤፍ ተደርድሮ ጠበቀው፤ ሪአድሚሽን (ተመልሶ የመግባት ፈቃድ) ለማግኘት ስንት ቢሮ ደጅ ጠናን መሰለሽ።

ብዙ ጊዜ የምትመለሺው በዓመቱ፣ ያቋረጥሽው ሴሚስተር ሲደርስ ነው። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። ግን ታመሽ ተፈትነሽ ጂፒኤው (አማካይ ውጤትሽ) ቢወርድ ይብሳል። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ (2 ነጥብ) ብታመጪ 4 ጊዜ 2፣ 8 ነጥብ፣ ባለ 3ቱ ላይ ቢ (3 ነጥብ) ብታመጪ 9፣ ተደምሮ ለ7ቱ ክሬዲት ሲካፈል 2.43 ይሆናል፤ ትልቁ ክሬዲት ነው የሚጎትትሽ። ዲፓርትመንት ስትመርጪም ይኼው ውጤት ይታያል፣ ለመመረቅ ደግሞ ከ2.00 መውረድ የለበትም። የመውጫ ፈተናው ገና ሩቅ ነው፣ እሱን አሁን ተይው።

ሰኞ ጠዋት አማካሪሽን አግኚ። ጋቢ ደርበሽ ውጪ ደግሞ፣ ብርዱን ታውቂዋለሽ።