ማኅተም ሳትይዢ ፎርም እንዳትልኪ

«ፊዚክስ ጨርሻለሁ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የኒውክሌር ደህንነት ሥልጠና ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ። (የኒውክሌር ደህንነት ማለት ጨረራ ያላቸው ቁሶች እንዳይሰረቁና ባልሆነ እጅ እንዳይገቡ መጠበቅ ነው።) እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። ስለ ሲቪ ሌላ ሰው ይንገርሽ፤ እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነፃ የኦንላይን ኮርሶች አሉት። ማንንም አታስፈቅጂም። እኔ በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ፣ ማታ ማታ ነው የጨረስኳቸው።

2. በአካል የሚሰጠው ሌላ ነው። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ላይ ኤጀንሲው ከአብዱስ ሳላም የፊዚክስ ማዕከል ጋር የሁለት ሳምንት ትምህርት ይሰጣል። ፎርሙን ሞልቼ በቀጥታ ላክሁ። ዝም! ለካ አመልካች በአገሩ መንግሥት በኩል መታጨት አለበት። ዓመቱ እንዲሁ አለፈኝ።

3. በዓመቱ የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትሩን አራት ጊዜ ተመላለስኩበት። ሰውዬው «ደህንነት» የምትለዋን ቃል ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ የኛ አይደለም፤ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሂጂ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። «ደግሞስ እኛ ምን ቦምብ አለንና ነው?» አለኝ።

ቦምብማ የለንም። ጥቁር አንበሳ ለስንት ዓመት ካንሰር ያከመው ግን ጨረራ በሚያወጣ የኮባልት 60 ማሽን ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል፣ ጎያኒያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ እንዲሁ ጨረራ የሚያወጣ የሲዝየም 137 ማሽን ፈትተው እንደኛ ቁራሌው ላለ ብረት ገዢ ሸጡ። ሰማያዊ የሚያበራውን ዱቄት ዘመድ ጎረቤቱ ተካፈለው። አራት ሰው ሞተ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ተመረመረ። ይሄን ሁሉ በር ላይ ቆሜ አስረዳሁት። «ነገ ነይ» አለኝ።

በአራተኛው ጉዞ «ደህንነት»ን አውጥቼ «የጨረራ ምንጮች ጥበቃ» ብዬ ጻፍኩ። በአምስት ደቂቃ ፈረመ! ትሪየስቴም ሄድኩ፤ ከክፍሉ ስለ ጎያኒያ ሲጠየቅ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ማስተርስ ካሰብሽ በ2020 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኤጀንሲው የሜሪ ኩሪ ስኮላርሺፕ ለሴቶች ነው። ለትምህርት ክፍያ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ ይሰጣል፤ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚሠራውን ዘርፍም ያካትታል። በራስሽ ነው የምታመለክቺው፣ የማንም ቢሮ ደጅ አትጠኚም። የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ያቺን የተፈረመችዋን እልክልሻለሁ።