ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ስድስት ሲኒ ደርድሬ የምጠጣው በአንዱ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ በሥራ ሲዛወር ጥቅምት ላይ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጣን። አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። ደሴ ትንሽ የልብስ ሱቅ ነበረችኝ፤ ዘግቻት መጣሁ። ባለቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እባንናለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል። እንዲህ ከሆንኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ሄጄ ሁለቴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ ተብዬ መድኃኒት ጨርሻለሁ። ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። የለመደ እጄ ስድስት ሲኒ ይደረድራል፣ የምጠጣው ግን በአንዱ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው «ስንቱ ቤት አጥቶ ሲንከራተት አንቺ ምን ጎደለሽ? ትለምጂዋለሽ» ይለኛል። አንዳንዴ ተኝቼ በቀረሁ እላለሁ። አማኑኤል ልሂድ ይሆን? ሰው አበደች አይለኝም? ወይስ ቁጭ ብሎ የሚያዋራኝ ባለሙያ ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ጨርሼ ወደ አንዷ መስመር ተመለስኩ። «ተኝቼ በቀረሁ» ያልሽዋን ማለቴ ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻት ነው ያለፍሽው። እኔ ግን ከሷ ልጀምር።

ሰው ሲመረው እንዲህ ይላል። ያለ ሁሉ ራሱን ሊያጠፋ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ሐኪም ሰምቶ አያልፋትም፤ ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዴት እንደምታደርጊውስ አውጥተሽ አውርደሻል? መልስሽ አዎ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁሚው። አሁኑኑ ለባለቤትሽ ደውዪ። እስኪመጣ ብቻሽን አትቆዪ፣ የጎረቤት በርም ቢሆን አንኳኪ። ከዚያ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና መርዛማ ነገር ሌላ ሰው ይያዘው። ይህን መጠየቅ ያላሰበችውን ያሳስባታል ብለው የሚፈሩ ዘመዶች አሉ። አያሳስብም። እኔ ስጠይቅ የማየው በአብዛኛው እፎይታ ነው፤ ጠያቂ አጥተው የከረሙ ሰዎች ናቸው።

መልስሽ አይ ከሆነ ጊዜ አለን። እንቀጥል።

መጀመሪያ ስለ ታይፎይዱ። እኔ ባየሁት፣ በኛ አገር ጭንቀት የሚታከመው በሦስት ስም ነው፦ ጨጓራ፣ ታይፎይድና ደም ማነስ። ትኩሳት እንደነበረሽ አልጻፍሽም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ እንደኛ በሽታው በብዛት ባለበት አገር ብዙ ያሳስታል። ድሮ የያዘሽ ወይም ሳታውቂው ያለፈሽ ነገር ዛሬም «ፖዘቲቭ» ሊያስብልሽ ይችላል። ክሊኒኩን ልወቅስ አይደለም። «ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ምግብ አልበላ አለኝ» ብሎ ለመጣ ሰው የሚታዘዘው የደም ምርመራ ነው፤ «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ቀኑን እንዴት ታሳልፊዋለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰልፉም አያስጠይቅም።

ሕመሙ ግን የፈጠራ አይደለም። ሰውነት ስጋት ሲሰማው አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጨጓራ ይረበሻል። ይሄ ለአንድ ቀን ቢሆን ይበርዳል። ለወራት ሲቆይ ግን አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ደብዳቤ ያጽፋል።

ታዲያ ምንድን ነው? በደብዳቤ በሽታ አይባልም፣ ሳላይሽ ስም አልለጥፍብሽም። ሁለት ነገር ግን በሐሳቤ ይመጣል። አንዱ እኛ የመላመድ ችግር የምንለው ነው። ትልቅ የኑሮ ለውጥ በመጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ይጀምራል፤ ኑሮው መልክ ሲይዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይለቃል። ሁለተኛው ድባቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መከፋት፣ ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ደስ አለማለት፣ ሌሊት ነቅቶ መቅረት፣ ምግብ መጥላት፣ ዋጋ የለኝም ማለት፣ ሞትን መመኘት። እነዚህ ተደራርበው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ሐኪም ማየት ግድ ነው። አንቺ ሦስት ወር አልፎሻል። «ትለምጂዋለሽ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ደግሞ ምን እንዳጣሽ እንቁጠረው። ሱቅሽ ገንዘብ ብቻ አልነበረችም። በቀን ስንት ሰው በሯ ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽ» ይልሽ ነበር? አንድ ቀን ባትከፍቺ «ምነው፣ አሟት ይሆን?» የሚል ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ብትታመሚ የሚያውቅ የለም። እኔ ራሴ ኮንዶሚኒየም ስገባ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰው ስም ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያስተዋወቀን የውሃ መጥፋት ነው፤ ጀሪካን ይዘን ታች ስንሰለፍ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ሠፈሩን እያየሽ ካደግሽበት ቤት ወጥተሽ ብረት በር ዘግተሽ መኖር ሐዘን አለው። ሰው ሞቶ ስላልሆነ ለቅሶ ደራሽ የለውም እንጂ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የት ትሂጂ?

አማኑኤል ከመሄድሽ በፊት አጠገብሽ ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ፣ ድባቴና ጭንቀትን የመሳሰሉ የተለመዱ ችግሮችን እንዲያክሙ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በብዙ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ካርድ ስታወጪ «የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ሪፈር ያጽፉልሽ። የጤና መድን አባል ከሆንሽ መንገዱ ይሄው ነው፤ ሪፈሩን ዘለሽ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ።

እንደገባሽ ግን በጨጓራው አትጀምሪ። ይሄን አደራ እላለሁ። በጨጓራው ከጀመርሽ የጨጓራ መድኃኒት ይዘሽ ትወጫለሽ። እንዲህ በይ፦ «ከሌላ ከተማ መጥቼ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በየቀኑ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዴ ተኝቼ በቀረሁ እላለሁ።» አፍሽ እንዳይያዝ በወረቀት ጻፊውና ወረቀቱን ስጫቸው። የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ቢያዙልሽ እሺ በይ። የእንቅርት ዕጢ ሲዛባ ልብ ያስመታል፣ ስሜትም ያወርዳል።

ሪፈር ቢጻፍልሽ ላንቺ ሠፈር ከአማኑኤል ይልቅ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባል። በኮሮና ጊዜ ስሙ የገነነው ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ግን ለአእምሮ ሕክምና ነበር። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

አማኑኤልም ቢጻፍልሽ አትደንግጪ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ለዚህ ነው ስሙ ስድብ የሆነው። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ብታዪ የባንክ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ልጅ ያዘለች እናት ናቸው። አብዛኞቹ ታክመው ያንኑ ቀን ቤታቸው ይመለሳሉ። ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ ለማን ነው የምትነግሪው? የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የሐኪም ግዴታ ነው። ለባለቤትሽ ብቻ ብትነግሪ በቂ ነው።

የሚያዋራ ባለሙያ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሳይኮሎጂስት ይባላል፤ መድኃኒት አያዝም። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪሙ ነው። በግል የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶችም በከተማው አሉ፣ በስልክ የሚያዋሩም አሉ። ከቦሌ አራብሳ ሁለት ታክሲ ይዞ መሄድ ለከበዳት ሰው ስልኩ ጥሩ ነው። ክፍያውን ግን ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ፣ ምን እንደተማረና ፈቃድ እንዳለውም ጠይቂ። ቲክቶክ ላይ ጥሩ መናገር ምስክር ወረቀት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባመዛኙ የምታወሪው አንቺ ነሽ። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የሚሸኝሽ ከሆነ ሌላ ፈልጊ፤ እሱንማ እናትሽም በስልክ ትልሻለች። ጥሩ ባለሙያ ቀንሽን ከሰዓት ሰዓት ይጠይቅሻል፣ ለሳምንቱም ትንሽ ሥራ ይሰጥሻል። ሁለት ሦስቴ ሄደሽ ካልተስማማሽ ባለሙያ መቀየር ነውር የለውም።

መድኃኒት ቢታዘዝልሽ፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ካልቆየ ለውጡ አይታይም። በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትጥዪው። ሱስም አያስይዝም። ሱስ የሚያስይዘው ጎረቤት «እንቅልፍ ያመጣል» ብላ የምታካፍልሽ ዳያዜፓም ነው። ጸበልም ሆነ ሩቅያ ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ሁለቱንም ያዢ።

አሁን ወደዚያች ጀበና ልመለስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብቻሽን ከጨረስሽ ሌሊት 9 ሰዓት ብትነቂ ምን ይገርማል? የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነትሽ ለመውጣት ብቻ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ቡናውን ወደ ጠዋት አምጪው፣ ልጆቹ እንደወጡ፤ የምታለቅሺበት ሰዓት ላይ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከሲኒዎቹ ሁለተኛውን የሚይዝ ሰው ጥሪ። አዲስ አበባ ሰው ይኮራል ትዪ ይሆናል። አራብሳ የሚኖረው እኮ ባብዛኛው ከሌላ ሠፈር ተነሥቶ ወይም ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሰፈረ ነው። ያችም በር ዘግታ ተቀምጣለች። ከልጆችሽ ጋር የሚማር ልጅ ያላትን እናት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጀምሪ፤ ወሬ አይጠፋም። የብሎኩን እድርም ጠይቂ። ተከራይ አናስገባም የሚሉ አሉ፤ የሚያስገቡም አሉ።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ቤቱስ መልካም ነው። እሷ ግን ቤት ጎደለኝ አላለችም። አንተ ሥራ ስትገባ ሰላም የሚልህ ባልደረባ አለህ፤ እሷ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ማንም ስሟን አይጠራም። አንድ ቀን ፈቃድ ውሰድና አብረሃት ጤና ጣቢያ ሂድ። ምክር አትጨምርበት። ካርድ አውጣላትና አጠገቧ ተቀመጥ።

ስትሄዱ እስካሁን የተሰጡሽን የምርመራ ወረቀቶች ሁሉ፣ የታይፎይዱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ያዢ። አለዚያ እንደገና ደም ይቀዱሻል።