ፕሮሰሰሩን ከመንቀልህ በፊት ባዮሱን አዘምን

ኮዬ ፈጬ ስላለው የክሊኒክ ሰርቨር የጠየቅከው ወንድማችን፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ዴል አር720 ነው፤ ያለው አንድ ኢ5-2620 ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ታካሚ ሲበዛ ካርድ ለማውጣት ይንቀራፈፋል፤ ፕሮሰሰሩን ብቀይረው ይፈጥናል ወይ ነው ያልከው። እኔ ለገጣፎ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሰርቨሮችን እጠግናለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ታስክ ማናጀሩን (ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን) ክፈት። ፕሮሰሰሩ ከ90 በመቶ በላይ ወጥቶ ዲስኩ ዝም ካለ፣ መቀየሩ ያዋጣል። ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ግን ብርህን ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ላይ አውለው።

ያንተ ማዘርቦርድ የሚቀበለው የኢ5-2600 እና የኢ5-2600 ቪ2 (ሁለተኛው ሥሪት) ቤተሰብ ፕሮሰሰሮችን ነው። ቪ3 የሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ቁጥሩ ስለሚመሳሰል «ይሠራል» ብሎ የሚሸጥልህ አይጠፋም። አይገባም፤ እሱ ዲዲአር4 ለሚባለው ሌላ ዓይነት ሜሞሪ የተሠራ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ኢ5-2650 ቪ2 እገዛለሁ። እያንዳንዱ 8 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) አለው፣ የሚጠቀመውም እንዳሁኑ 95 ዋት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ለሁለተኛው ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት) ለብቻው ትገዛለህ፤ ፋኖቹም ሙሉ መሆናቸውን እይ። አሁን የማይሠሩት 12 የሜሞሪ ቦታዎችም ያኔ ይሠራሉ፤ ራሙን ለሁለቱ እኩል አካፍል።

130 ዋቱን 2690 ቪ2 ተወው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ዴልም ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቅደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለተቀመጠ ሰርቨር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ባዮሱ፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር ነው። አሮጌ ባዮስ ቪ2ን አያውቀውም፤ ብትገጥመውም አይነሳም። ስለዚህ የድሮው ፕሮሰሰር እንዳለ አዘምነው። እባክህ ማታ አትሞክረው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይወዛወዛል፣ መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ቦርዱን ልታጣ ትችላለህ። ጠዋት፣ ባትሪው በተፈተሸ ዩፒኤስ፣ ባክአፕ ወስደህ ሥራው።

ስትነቅል ሁለቱንም የኃይል ገመድ አውጣ። ብረት ነክተህ ሰውነትህ ላይ ያለውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ አራግፍ። ከሶኬቱ ሁለት ማንሻዎች መጀመሪያ የተከፈተ ቁልፍ ምልክት ያለበትን ልቀቅ። ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ነው፤ በጣም ቀጫጭን ናቸው፣ አንዱ ከታጠፈ ከፊሉ ራም ሊጠፋብህ ይችላል። ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ያዝ፣ የሦስት ማዕዘን ምልክቱን አግጥም፣ ቀጥ አድርገህ አስቀምጥ። አትጫነው፤ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። የድሮውን ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ያለውን ቅባት) በአልኮል ጠርገህ አዲስ ቀባ፣ የሂትሲንኩን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቅህ አጥብቅ።

ሲነሳ 16 ኮር መቁጠሩንና ራሙ ሙሉ መታየቱን እይ። የባዮስህን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፤ በቀጥታ የመጨረሻውን ትጭን እንደሆነ ወይም መሃል ላይ ያለ ሥሪት ያስፈልግህ እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።