ባለ 5 አክሲስ ሲኤንሲ ከዱባይ ልታመጣ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁትና እንቅልፍ ነሳኝ። ሐዋሳ ላይ ወርክሾፕ አለኝ፣ ያገለገለ የጃፓን ባለ 5 አክሲስ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ በ5 አቅጣጫ እየተንቀሳቀሰ ብረት የሚቆርጥ) ዱባይ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ ብለሃል። ሻጩ «የመጨረሻ ተጠቃሚ መግለጫ» (ማሽኑን ማን፣ የት፣ ለምን ሥራ እንደሚጠቀምበት የሚገልጽ ወረቀት) ሙላ ሲልህ፣ ደላላው ደግሞ «ፎርማሊቲ ነው፣ እኔ እሞላዋለሁ» ብሎሃል። እኔንም አዳማ ላይ ማሽን ሳስመጣ ደላላዬ እንዲሁ ነበር ያለኝ። አምኜው 7 ወር ሥራ ፈታሁ። ስለ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ስለሚከፍትልህ የክፍያ ዋስትና) እና ስለ ቀረጥ አልነግርህም፣ እሱን ትራንዚተርህ ያውቀዋል።

1. ብር ከመላክህ በፊት የማሽኑን የኤክስፖርት ቁጥጥር ቁጥር (ዕቃው ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው መደቦች በየትኛው እንደሚገባ የሚያሳይ ቁጥር) በጽሑፍ ጠይቅ። ሻጩ «የምን ቁጥር?» ካለህ ተወው። አምስቱን አክሲስ በአንድ ጊዜ አቀናጅቶ የሚቆርጥ ማሽን ብዙ ጊዜ 2ቢ001 የሚባለው መደብ ውስጥ ይገባል። ለሲቪልም ለጦርም ሥራ ይውላል የሚባል ዕቃ ነው። ባለ 3 አክሲስ ተራ ፍሬዛ (ብረት መፈልፈያ ማሽን) አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፤ በማይክሮን (በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) የሚለካው ትክክለኛነቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን እሱም ቁጥጥር ውስጥ ይገባል።

መንግሥታት እነዚህን ማሽኖች ለምን እንደሚፈሩ አሁን ይገባኛል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓኑ ቶሺባ ሥር ያለ የማሽን ኩባንያ ትልልቅ ባለ ብዙ አክሲስ ማሽኖችን ለሶቪየት ኅብረት ሸጠ። መቆጣጠሪያውን ያቀረበው የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ የማሽኑ አቅም ከእውነቱ ዝቅ ተደርጎ ተጻፈ። በኋላ ድምፃቸው የቀነሰ የባሕር ሰርጓጅ ፕሮፔለሮች ተቆረጡበት ተባለ። በ1987 ነገሩ ሲወጣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ፣ የቶሺባ ሊቀ መንበርና ፕሬዚዳንትም ሥራቸውን ለቀቁ። ልብ በል፣ መነሻው ወረቀት ላይ የተጻፈ ውሸት ነው። ዛሬ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር የሚያወጡት በዋሰናር ስምምነት (የጦር መሣሪያና ለሁለቱም ሥራ የሚውል ዕቃ ሽያጭን ለመቆጣጠር በተደረገ ስምምነት) የተሰባሰቡ 42 አገሮች ናቸው። ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። እኛ ባልተቀመጥንበት ስብሰባ የተወሰነው ነገር አዳማ ቶርኖ ቤት ድረስ ይመጣል።

2. ወረቀቱን ራስህ ሙላው። እኔን የጎዳኝ እዚህ ጋ ነው። የእኔ ሥራ የውሃ ፓምፕ ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋው ክፍል) ነው፤ ደንበኞቼ በአዋሽ ዳርና በመቂ በኩል መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ደላላው የመጨረሻ ተጠቃሚ አድርጎ የጻፈው የራሱን የዱባይ ድርጅት ነበር። የእኔ ስም የለም፣ ኢትዮጵያም የለችም። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ያለችግር ወጣ። ክሬን ተከራይቼ አወረድኩት፣ ሌቭሉን አስተካከልኩ፣ መብራት አገናኝቼ አበራሁት። ስክሪኑ ላይ «ማሽኑ ከቦታው ተንቀሳቅሷል፣ ኮድ አስገባ» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ።

ብዙዎቹ የጃፓን ባለ 5 አክሲስ ማሽኖች መንቀሳቀሳቸውን የሚያውቅ መሣሪያ ውስጣቸው አለ። ከተነሡ ይቆለፋሉ፣ ኮዱ ያለው አምራቹ ጋ ብቻ ነው። ስደውል ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «ኢትዮጵያ እንዴት ደረሰ?» አሉኝ። ደላላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ አያነሳም። አምራቹ፣ በጃፓን መንግሥት በኩል ተጣርቶ ይሁንታ ሳይመጣ ኮድ አንሰጥም አለ። የንግድ ፈቃዴን አስተረጎምኩ። የወርክሾፑን ፎቶ፣ የኢምፔለሩን ድሮዊንግ፣ የደንበኞቼን ውል ላክሁ። የቀረው ሥራዬ ሲቪል መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ደብዳቤ ነበር።

ለዚያ አንድ ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት 11 ጊዜ አመላለሰኝ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ለጃፓን ደብዳቤ የምንጽፈው በየትኛው መመሪያ ነው?» አለችኝ። ሌላ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ሌላ ቀን «ማኅተሙ ተቆልፎበታል»። እዚህ የባንክ ወለድ ይቆጥራል። ሁለት ልጆች አሰናበትኩ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል። በ11ኛው ምልልስ አንድ የነሐስ ኢምፔለር በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ጌታዬ፣ የምሠራው ይህን ነው» አልኩ። አገላብጠው አዩት፣ አባታቸው ገበሬ እንደነበሩ ነገሩኝ፣ ደብዳቤው በዚያው ቀን ወጣ።

ኮዱ መጣ። ያስገባልኝን ኢንጂነር በራሴ ወጪ አስመጣሁት፣ 3 ሰዓት ሠርቶ ሄደ። ዛሬ ገበሬው ከውጭ ወራት ይጠብቀው የነበረውን ኢምፔለር በ4 ቀን አስረክበዋለሁ። በዚህ እኮራለሁ።

3. «ለልዩ ልዩ ሥራ» ብለህ አትጻፍ። ምን ዕቃ፣ ከምን ብረት፣ ለማን፣ የትኛው ቀበሌ፣ ዘርዝረው። ከመከላከያ ጋር የሚሠራ ደንበኛ ካለህ ሳትጠየቅ ተናገር፤ ከተደበቀ በኋላ ሲገኝ ነው የሚከፋው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አሜሪካ ኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ ሽያጭ ከሚከለከሉ አገሮች መዝገብ አስገብታ ነበር። ያ ሕግ ስለ ጦር መሣሪያ ነው፣ የአንተን ፍሬዛ አይመለከትም። እኔ ያነጋገርኩት አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ግን ልዩነቱን ሊሰማኝ አልፈለገም፣ «አገርህ ዝርዝር ውስጥ ናት» ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ማስረጃህ ከጥያቄያቸው ቀድሞ ይድረስ።

ሌላው ደግሞ ኪራይ ነው። ሼዱ የራስህ ነው? የኪራይ ከሆነ ውልህ ስንት ዓመት ይቀረዋል? ማሽኑን ወደ ጎረቤት ግቢ ብታዛውረው እንኳ ይቆለፋል፣ እንደገና ደብዳቤ፣ እንደገና ኢንጂነር። እኔ አከራዬን ለምኜ ውሉን የ10 ዓመት ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ፕሮፎርማውንና ደላላው የሞላውን ወረቀት በውስጥ መስመር ላክልኝ። የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ይታይ። አምራቹ ጋ ደውለን ዕቃው በማን ስም እንደተመዘገበ እንጠይቃለን። እስከዚያ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳትልክ።