ያቺ ነጥብ የማን ናት?

ልጆች፣ ፒያኖ ስጀምር የማነበው ወረቀት የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነበር። አንዲት ኖታ ላይ ነጥብ ነበረች። ስታካቶ ናት ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርጥ እያደረግኩ ተጫወትኳት፤ ይባስ ብሎ እዚህ ጋ ለምን እንደምትቆረጥ ለጓደኞቼ ትንታኔ እሰጥ ነበር። በኋላ የታተመውን ስናገኝ ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። የፎቶኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ የነበረ ቆሻሻ ነው! እዚያው ገጽ ላይ የነበረው ረጅም የሌጋቶ መስመርም (ኖታዎቹን ሳትቆርጥ አያይዘህ ተጫወት የሚለው) አንድ ሰው በእርሳስ የጨመረው ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምልክት ግራ ሲያጋባኝ «ምን ማለት ነው?» ከማለቴ በፊት «ማን አስቀመጠው? መቼ?» እላለሁ። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው።

የሙዚቃ ደራሲው የሾፓንን አጭር የፒያኖ ሥራ፣ የሲ ማይነር ፕሪሉድ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 28 ቁጥር 20ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 13 ባር (ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበት ክፍል) ብቻ ስለሆነ ለጀማሪም ይደፈራል። 3ኛው ባር መጨረሻ ላይ ያለው ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ኖታዎች፣ ሜጀር (ፈካ ያለ) ነው ወይስ ማይነር (ጨለም ያለ)? ሾፓን በእጁ በጻፈው ላይ ኢ ፊት ፍላት፣ ማለትም ኖታዋን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የምታደርገው ምልክት፣ የለም፤ ስለዚህ ሜጀር ይሆናል። ተማሪው ጄን ስተርሊንግ ትጠቀምበት በነበረው ቅጂ ላይ ግን ፍላቷ በእርሳስ ገብታ ማይነር አድርጋዋለች። ሾፓን ደግሞ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ይረሳ ነበር። ሥራዎቹም በፓሪስ፣ በጀርመንና በለንደን በተቀራራቢ ጊዜ ስለሚታተሙ፣ ያውም ሁልጊዜ ከአንድ ቅጂ ስላልተነሱ፣ «ዋናው እትም» የሚባል አንድ ነገር ፈልጋችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ ማይነሩን ነው የምጫወተው። ሜጀሩን የሚጫወት ልጅ ቢመጣ ምክንያቱን እስከነገረኝ ድረስ አልቆጣም። «ዩቲዩብ ላይ እንደዚህ ሰማሁት» ካለኝ ግን እቆጣለሁ።

ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሹበርት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አክሰንቱን ለጠጥ አድርጎ ስለሚጽፈው ከዲሚኑኤንዶ ጋር ይምታታል። አክሰንቱ «ምታው» ይላል፣ ዲሚኑኤንዶው «እየቀነስክ ሂድ»። አታሚውም፣ አርታኢውም፣ እናንተም በግምት ነው የምትለዩት። አንድ ነገር ግን ይረዳችኋል፤ ፒያኖ ላይ አንዴ የተመታ ኮርድ በራሱ ጊዜ እየሞተ ይሄዳል፣ እንደ ቫዮሊን በቀስት አትቀንሱትም። ስለዚህ ምልክቱ አንድ ኮርድ ሥር ብቻ ካለ እኔ ወደ አክሰንቱ አደላለሁ። አታሚን በጭፍን እንዳታምኑም፣ የጂ ፍላት ኢምፕሮምፕቱ የሚባለው አጭር የፒያኖ ሥራው ሹበርት ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1857 ሲታተም ለተጫዋች ይቅለል ተብሎ ወደ ጂ ሜጀር ተቀይሮ እንደወጣ አስታውሱ።

ታዲያ የእጅ ጽሑፍ ከተገኘ አለቀ? አላለቀም። ቤትሆቨን ሀመርክላቪር የሚባለውን የፒያኖ ሶናታውን ለንደን እንዲታተም ከላከ በኋላ፣ በ1819 ለተማሪው ለፈርዲናንድ ሪስ ጻፈለትና ዝግ ያለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሁለት ኖታ ጨምርልኝ አለው። መጀመሪያ ከተላከው ቅጂ ብቻ ብንነሳ እነዚያ ኖታዎች ባልኖሩ ነበር። የዚህ ሶናታ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ጠፍቷል። በመጀመሪያው ክፍል፣ ዋናው ዜማ ሊመለስ ሲል፣ ኤ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) ነው ወይስ ሻርፑን የሚሰርዘው የናቹራል ምልክት ተረስቶ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ዛሬም ድረስ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ናቹራል እላለሁ፤ ሻርፑ ሲሰማ የሚያስደነግጥ ውበት እንዳለው ግን አልክድም። አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን ሻርፑን እጫወተዋለሁ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ የምታጠኑ ዕድለኞች ናችሁ። የታተመ ኖታም አለ፣ ራሳቸው የተጫወቱት ቅጂም አለ። ወረቀቱ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ጆሯችሁን ስጡ፤ ለሾፓን ይህ ዕድል የለንም።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። ኖታችሁ ላይ በእርሳስ ስትጽፉ ከጎኑ ስማችሁንና ቀኑን ጣል አድርጉ። ነገ አንዱ ፎቶኮፒ ማድረጉ አይቀርም።