ወደ ነፋሱ መዞር፦ ስለ ካይት ፎይል ታክ የተነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ካይት ፎይል በካይት እየተጎተቱ፣ ከሥሩ ፎይል (የውሃ ውስጥ ክንፍ) ባለው ቦርድ ከውሃው ከፍ ብሎ መንዳት ነው። ታክ ማለት የቦርዱን አፍንጫ በነፋሱ መምጫ በኩል አሳልፎ ወደ ሌላው አቅጣጫ መዞር ነው። ይህ ዙር እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን በደስታ ነው የምመልሰው። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ቃላት ላስታውቅ። ጀርባችን ወደ ነፋሱ ሆኖ ስንነዳ «በተረከዝ»፣ ጣቶቻችን ወደ ነፋሱ ሲዞሩ ደግሞ «በጣት» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጃይብ በደንብ እሠራለሁ። ታክ ምን ይጨምርልኛል?

በጃይብ የምትዞረው ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው። ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ መምጫ፣ ለመውጣት የለፋህበት ርቀት በየዙሩ ይቀንስብሃል። ታክ ላይ ግን ዙሩ ራሱ ወደ ላይ ያወጣሃል። ደግሞ በጃይብ ወደ ካይቱ ስለምትሄድ ገመዱ ሊላላ ይችላል። በታክ ከካይቱ ስለምትርቅ ገመዱ ተወጥሮ ይቆያል። ካይት ፎይል ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በፓሪስ 2024 ነው፤ ውድድሩ የተካሄደው ማርሴይ ላይ ነበር። ያንን ያየ ሰው ታክ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

በጣት መንዳት ተማሪ። በተረከዝ ገብተሽ እግር ሳትቀይሪ ከዞርሽ፣ የምትወጪው በጣት ነው። ብዙ ሰው ዙሩን ይጨርስና መውጫው ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱም በዚያ አቋቋም ተረጋግቶ መሄድን አልተለማመደም። በሁለቱም በኩል ረዘም ላለ ርቀት በጣት መንዳት ከቻልሽ የዙሩ ግማሽ በእጅሽ ገባ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካይቱን መቼ ነው የማነሳው? ሁሌም ወይ እቀድማለሁ ወይ እዘገያለሁ።

የነገሩ ልብ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሰዓት ፊት በዓይነ ሕሊናህ አስቀምጥ። ቁጥር 12 ከራስህ በላይ ነው። ወደ ቀኝ እየሄድክ ከሆነ ካይቱ 1 ተኩል አካባቢ ይኑር። ጥሩ ፍጥነት ይዘህ፣ የቦርዱን ከፍታ ከማስቱ (ቦርዱን ከፎይሉ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ) መካከል አካባቢ አስተካክለህ ግባ። መጀመሪያ ቦርዱ ወደ ነፋሱ መጠምዘዝ ይጀምር። ወዲያው ካይቱን ቀስ አድርገህ ወደ 12 አንሳ። የቦርዱ አፍንጫ ነፋሱን ፊት ለፊት ሲያገኝ ካይቱ 12 ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ መሆን አለበት። በዚያች ቅጽበት ካይቱ ወደ ላይ ይይዝሃል። ክብደትህ ይቀላል፤ ፎይሉም ፍጥነቱ ቢቀንስም አይሰምጥም።

ያን ጊዜ አትቸኩል። ቦርዱ ነፋሱን አልፎ ወደ አዲሱ አቅጣጫ መዞሩን ይቀጥል። ካለፈ በኋላ ካይቱን ወደ 10 ተኩል በቆራጥነት አውርደው፤ ፍጥነትህ ይመለሳል።

ካይቱን ከቀደምክ ቦርዱ ገና ሳይዞር ወደ ኋላ ይነጥቅሃል። ከዘገየህ ደግሞ የሚይዝህ ነገር ስለማይኖር ነፋሱ ፊት ላይ ቆመህ ትሰምጣለህ። የትኛው እንደሚደርስብህ አስተውል። ወደ ኋላ ከወደቅክ ካይቱን አዘግየው፤ ቀጥ ብለህ ከሰመጥክ አስቀድመው።

ዓይንህ ደግሞ ውሃው ላይ አይቅር። ራስህን ወደ ነፋሱ፣ ከዚያም አልፎ ወደምትወጣበት አዙር። ትከሻና ወገብ ራስን ይከተላሉ። እኔን ከሁሉ የረዳኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ካይቱ 12 ላይ ሲደርስ ፎይሉ ከውሃ ዘሎ ይወጣል።

ካይቱ ሲይዝህ ከፎይሉ ላይ ክብደት ይነሳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይገፋል። የፊት እግርህን ትንሽ ጫን በል፣ ባሩንም (ካይቱን የምትመራበትን እጀታ) በትንሹ ልቀቅ። ዝቅ ብለህ መግባትም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ከዙሩ በኋላ ገመዶቼ ተጠማዘው አገኘሁ። ምን አበላሸሁ?

ምንም አላበላሸሽም! ይህን ማንም ስለማይነግረን ብዙዎቻችን ደንግጠናል። በታክ ሰውነትሽ ከካይቱ በታች ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ስለዚህ ገመዱ አንዴ ይጠማዘዛል። መሪው አይቀየርም፤ ቀኝ ስትስቢ ካይቱ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ወደ ሌላው አቅጣጫ ስትታኪ ራሱ ይፈታል። እየታከሽ በጃይብ ከተመለስሽ ግን ጥምዘዛው ይደራረባል፤ ያኔ ባሩን አዙረሽ ፍቺው።

ጥያቄ፦ እግሬን መቼ ልቀይር?

መጀመሪያ ላይ በጭራሽ ዙሩ መሃል አይሁን። ውጣ፣ በጣት ተረጋጋ፣ ከዚያ ቀይር። ተወዳዳሪዎች ቦርዱ ነፋሱን ሲያልፍ አብረው ይረግጣሉ፤ ያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ዕቃ ይሻላል?

ሰፋ ያለ የፊት ክንፍ። በዝግታም ስለሚያነሳ ስትሳሳት ጊዜ ይሰጥሃል። የእግር ማሰሪያውን ለጊዜው አውጣው። ነፋሱም የተስተካከለ ይሁን፤ የሚቆራረጥ ነፋስ 12 ላይ ሲከዳህ ስህተቱ ያንተ ይሁን የነፋሱ መለየት አትችልም።

ጥያቄ፦ ስወድቅ ፎይሉ እንዳይቆርጠኝ እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። የፎይል ጠርዝ ስለት ነው። ራስ ቁርና የደረት መከላከያ ልበሺ። ከማስትሽ ርዝመት በደንብ የሚያልፍ ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ተለማመጂ፤ አጠገብሽም ሰው አይኑር። ዙሩ እንደተበላሸ ሲሰማሽ ለማዳን አትታገዪ። ባሩን ልቀቂ፣ ቦርዱን በእግርሽ ገፍተሽ ከሱ ራቅ ብለሽ ውደቂ። ሲወድቁ ባሩን አጥብቆ መሳብ የሁላችንም ደመ ነፍስ ነው፤ ግን ካይቱን ያነሳውና መልሶ ፎይሉ ላይ ሊጥልሽ ይችላል። ከውሃ ስትወጪ ደግሞ መጀመሪያ እጅሽን ከራስሽ በላይ አድርጊ፤ ቦርዱ የት እንዳለ አታውቂምና።