ስለ ማለቢያ ሮቦትና ስለ ላም ሴንሰር የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ስራዬ ትንሽ ጻፍ ካደረኩ በኋላ ጥያቄው ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ ሆላንድ ፍሪስላንድ ነው ያለሁት፣ ላሞቹ በሮቦት የሚታለቡበት የምርምር በረት ላይ እሰራለሁ፣ ሴንሰሩ የሚለውን እኛ በዓይናችን ከምናየው ጋር ማመሳከር ነው ዋናው ስራዬ። ያደኩት ሰላሌ ነው፣ እናቴ ስታልብ ጥጃ የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ሁለቱንም አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሮቦቱ ጋ ላሟን ማን ይነዳታል? እንዴትስ ነው የሚያልባት?

ማንም አይነዳትም፣ በራሷ ጊዜ ነው የምትመጣው፣ የምትመጣው ደግሞ ለመኖው ነው። እዛ ስትገባ የሚጥማት የፋብሪካ መኖ ተመጥኖ ይወርድላታል። አንገቷ ላይ ያለው ቺፕ ይነበብና ኮምፒውተሩ መቼ እንደታለበች ያያል፣ ገና ከሆነ መኖውን ሳይሰጣት የፊቱን በር ይከፍትላታል፣ ትወጣለች። ጊዜዋ ከደረሰ የሮቦቱ ክንድ ከሆዷ ስር ገብቶ ጡቷን ያጥባል፣ እጥበቱ ለንጽህና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጥጃ ጎሸም ጎሸም ሲያደርጋት የሚሆነውን ነው የሚያደርገው፣ ኦክሲቶሲን የሚባለው ወተት የሚያስወርድ ሆርሞን ይለቀቅና አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ወይ በዛ አካባቢ ወተቷን ታወርዳለች። ከዛ በሌዘር ወይ በካሜራ አራቱን የጡት ጫፎች ፈልጎ አንድ በአንድ ይገጥማል፣ መጀመሪያ የምትወጣዋን ወተት ለብቻ ያስወግዳል።

እኔ በጣም የምወድለት ነገር አለ። አራቱ ጡት እኩል አይጨርስም፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋለኞቹ ናቸው ብዙ ወተት የሚይዙት። ሮቦቱ የጨረሰውን ጡት ለብቻው ይነቅላል፣ ሌላው ይቀጥላል። በተለመደው ማሽን ግን አራቱም አንድ ላይ ስለሆኑ ባዶ የሆነው ጡት ዝም ብሎ ሲሳብ ይቆያል፣ እሱ ነው ጫፉን የሚያቆስለው።

ጠቅላላው ሰባት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ አንድ ሮቦት ወደ 60 ላም ይይዛል፣ እያንዳንዷ በቀን ከ2 ተኩል እስከ 3 ጊዜ ትታለባለች፣ አባዙት፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ስራ ላይ ነው። ፈሪዎቹ ላሞች በተለይ የመጀመሪያ ጥጃቸውን የወለዱት ለሊት ነው የሚመጡት፣ ጉልበተኞቹ ሲተኙ ጠብቀው። ይሄን በዓይኔ እስካይ አላመንኩም ነበር። ሮቦቱ ገበሬ በረት ውስጥ መጀመሪያ የገባው እዚሁ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ጥያቄ፦ ወተት ይጨምራል?

በቀን ሁለቴ ታልብ ከነበረና አሁን ወደ ሶስት ከተጠጋ አዎ ይጨምራል፣ ድሮም ሶስቴ ታልብ ከነበረ ግን ብዙ አትጠብቅ። ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ሲታለብ ደግሞ የወተቱ ስብ ይጎዳና ጣዕሙ ሊበላሽ ይችላል፣ ለዛ ነው ገና ሳታጋት የመጣችዋን ላም ኮምፒውተሩ የሚመልሳት።

ጥያቄ፦ እናንተ ምን ትሰራላችሁ ታዲያ? ተኝታችሁ ነው?

በለሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ሲጮህ ብታየኝ አትልም ነበር ወንድሜ። ባለፈው ክረምት አንዷ የኋላ ጡቶቿ ተጠጋግተው ሊነባበሩ የደረሱ ላም ክንዱ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮላት አልገጠመም፣ ተነስቼ ሄጄ ሳይ ላሟ ምንም አልሆነችም፣ ካሜራው መስታወት ላይ ፍግ ተለጥፏል፣ በጨርቅ ጠርጌው ተመለስኩ። ያው የማለብ ጉልበቱ ይቀራል፣ ኃላፊነቱ ግን አይቀርም። አንቲባዮቲክ የተወጋችን ላም ወተት ሮቦቱ ከታንከሩ የሚለየው አንተ ከነገርከው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማስታይተስን (የጡት በሽታን) ሴንሰሩ ቀድሞ ያውቀዋል ይባላል፣ እውነት ነው?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር ያለው እዚህ ነው። ጡት ሲታመም ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ወተቱ ይገባል፣ ጨው ሲበዛ ደግሞ ወተቱ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ሮቦቱ ያንን በየጡቱ ይለካል። አንደኛው ጡት ከሶስቱ ከተለየ ጥርጣሬ ነው። አንዳንዱ ሮቦት ቀለሙንም ያያል፣ የሶማቲክ ሴሉንም (ጡት ሲታመም ወተቱ ውስጥ የሚበዛውን ሴል) ይቆጥራል፣ ሴሉ በሚሊ ሊትር ከ200 ሺ ካለፈ ላሟ ምንም ሳይታይባት ውስጥ ውስጡን ታማ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሂሳቡን ተከተሉኝ። 60 ላም አለኝ እንበል፣ በቀን ወደ 160 ማለብ ነው። ሴንሰሩ ጤነኛዋን ጤነኛ ብሎ የማለፍ ብቃቱ 99 ፐርሰንት ነው እንበል፣ በጣም ጥሩ ነው አይደል? ግን ከ160ው አንድ ፐርሰንቱ አንድ ተኩል ገደማ ነው፣ ማለትም በየቀኑ አንድ ወይ ሁለት ጤነኛ ላም ታማለች ብሎ ይጮሃል። በዓመት ከ60ዎቹ 15 ጊዜ እውነተኛ በሽታ ይከሰታል ብንል በየሶስት ሳምንት ተኩሉ አንድ ማለት ነው፣ በዛች አንድ በሽታ መሃል ወደ 40 የሚጠጋ የውሸት ጥሪ ሰምተሃል። ሰው ምን ያደርጋል? ይሰለቻል፣ ማየት ይተዋል፣ ከዛ እውነተኛው ሲመጣ ያመልጠዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳለ አትመኑት፣ አንድ ጡት ላይ በተከታታይ ሁለት ሶስት ጊዜ ከጮኸ፣ ወተቷም ከቀነሰ፣ ያኔ ሂዱና ጡቷን ጨበጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ጠብታውን ጥቁር ነገር ላይ አልባችሁ ፍርፍር ካለው ታውቃላችሁ። እናቴ መዳፏ ላይ አልባ ነበር የምታየው።

ጥያቄ፦ እስራኤል ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ ረፈት (የወተት ላም በረት) ላይ ነው የምሰራው። እኛ ጋ ሮቦት የለም ግን ሁሉም ላም ኮላር (አንገት ላይ የሚታሰር ሴንሰር) አላት። ማነጅሩ ሁልጊዜ የማመስኳቱን ግራፍ ነው የሚያየው፣ ለምንድነው?

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር ቀድሞ ከተጀመረባቸው ሀገሮች አንዱ የናንተው ነው፣ አፊኪም ኪቡጽ ውስጥ ነው የኤሌክትሮኒክ ወተት መለኪያውና እግር ላይ የሚታሰረው እርምጃ ቆጣሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለገበያ የተሰራው።

ማነጅርህ ልክ ነው። ጤነኛ ላም በቀን ውስጥ በድምሩ ለስምንት ሰዓት ያህል ታመሰኳለች። አንገቷ ላይ ያለው ሴንሰር እንቅስቃሴውን ወይ ድምጹን ይዞ በደቂቃ ይቆጥረዋል። ላም ሲያማት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትቀንሰው ማመስኳት ነው፣ ወተቷ ከመቀነሱ በፊት። እኔ አንዷን አልረሳትም፣ ከወለደች ሳምንቷ ነው፣ በቀን ወደ 500 ደቂቃ የነበረው 300 ገባ፣ ቆማ ትበላለች፣ ዓይኗም ጥሩ ነው፣ ደህና ነች ብዬ ልተዋት ነበር። ሀኪሙ መጥቶ ግራ ጎኗን በጣቱ እየጠነቆለ በማዳመጫው ሲሰማ ብረት እንደሚመታ ጭል የሚል ድምጽ ሰማ፣ ለኔም አሰማኝ፣ ጨጓራዋ በጋዝ ተነፍቶ ከቦታው ሸሽቷል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናትም ይሄንኑ ነው ያሳየው፣ የጨጓራ መሸሽንና ኬቶሲስን (ከወለደች በኋላ ጉልበት ሲያንሳት ስቧን አቅልጣ የምትታመመውን) ኮላሩ አብዛኛውን ይዟል፣ ሰው ከማወቁ በፊትም ነው፣ ማስታይተስና የማህጸን ኢንፌክሽን ላይ ግን ግማሹን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። እናንተ ጋ ደግሞ በጋ ላይ ሁሉም ላም አንድ ላይ ከቀነሰ በሽታ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው፣ ፋንና ውሃ መርጫውን እዩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቢሾፍቱ 30 የሚሆኑ ድቅል ላሞች አሉኝ። ሮቦት ባስገባ ያዋጣኛል?

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አሁን አያዋጣዎትም። አንዱ ብቻውን ከ100 ሺ ዩሮ በላይ ነው፣ ያውም ተከላውን ሳይጨምር፣ መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ሰልፉ ይበላሻል፣ ቢበላሽ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ጥጃ ካላየች ወተቷን የምትይዝ ላም ካለችዎት ደግሞ ክንዱ ምንም አያደርግላትም። በዛ ገንዘብ መኖ ቢያስተካክሉ፣ የኮርማ ዘሩም በሚያስተማምን ማቀዝቀዣ እቃ ተይዞ እንዲመጣልዎት ቢያደርጉ ይሻላል።

ኮላር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያለ ሮቦትም ይሰራል። የርስዎ ትልቁ ኪሳራ የት እንደሆነ ልገምት? ድራት (ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) ማለፍ ነው። አንዷ ድራት ባመለጠች ቁጥር 21 ቀን ነው የሚጠብቁት፣ መኖው ግን አይጠብቅም። ላሟ ድራት ላይ ስትሆን እንቅስቃሴዋ ሁለትና ሶስት እጥፍ ይሆናል፣ ኮላሩ ያንን ይይዛል። ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ በእርምጃ ቆጣሪ በተሰራ ጥናት እንቁላሏ የሚወርደው እንቅስቃሴው መጨመር ከጀመረ 29 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ማዳቀሉ እንቅስቃሴው መጨመር ከጀመረ ከ5 እስከ 17 ሰዓት ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው ተብሏል። አዳቃዩ ቅዳሜና እሁድ ካልመጣ ግን ኮላሩ ቢጮህም ዋጋ የለውም፣ ከመግዛትዎ በፊት ከሱ ጋር ይነጋገሩ። እስከዛው ደብተር ይያዙ፣ የወለደችበት፣ ድራት የታየበት፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ ይቺን ብቻ።

ጥያቄ፦ መረጃው የማን ነው? የገበሬው ወይስ የካምፓኒው?

ወረቀት ላይ የገበሬው ነው ይባላል። እኔ የማውቀው አንድ ገበሬ ካንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ሲቀይር የስድስት ዓመት መረጃውን ይዞ መውጣት አቃተው፣ በቃ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ከመፈረማችሁ በፊት ፋይሉን አውርጄ መውሰድ እችላለሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እችላለሁ ካሏችሁ እዛው አውርዱና አሳዩኝ በሉ።

ጥያቄ፦ ማስተርሴን በእንስሳት እርባታ እየሰራሁ ነው፣ በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ላጥና?

እህቴ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! የኮላሮቹ ሶፍትዌር በአብዛኛው የተማረው ከሆልስቲን (ከፈረንጅ የወተት) ላም ነው፣ በረት ውስጥ ቆማ ከምትውለዋ። የኛ ቦረና ወይ ፎገራ እንዲሁም ድቅሎቻቸው ግን ወደ ግጦሽ ሲሄዱ ስንት ኪሎሜትር ይራመዳሉ፣ ሶፍትዌሩ ያንን ድራት ነው ሊለው ይችላል። በተጨማሪ የዜቡ (እንደኛዎቹ ሻኛ ያላቸው ላሞች) ዘር ድራት አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ለሊት ነው የሚመጣው፣ እረኛውም ባለቤቱም ተኝቶ እያለ። ስለዚህ ሴንሰር ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለኛ ላሞች ነበር፣ ኮላሩ የሚጮህበትን ገደብ ለነሱ የሚያስተካክል ሰው ግን ያስፈልጋል። አስር ላም በቂ ነው ለመጀመሪያ። ኮላሩን እሰሪ፣ ማታ ማታ ካሜራ ትከዪ፣ በሁለት ሶስት ቀን አንዴ ወተት ወስደሽ ፕሮጄስትሮን (ድራት ሲደርስ የሚወርደውን ሆርሞን) አስለኪ፣ እውነተኛውን ድራት የሚነግርሽ እሱ ነው፣ ከዛ ኮላሩ ስንቱን ያዘ ስንቱን አሳተ ብለሽ ቁጠሪ። የግጦሹን ሰዓት ለብቻ ጻፊው፣ እሱን ካልለየሽ ዳታው ዝብርቅርቅ ነው የሚልብሽ። ከጀመርሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እኔ የምጠቀምበትን የዳታ ማጽጃ ኮድ እልክልሻለሁ።